«ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ስለ ሕፃናት ትምህርትና ስለ ወላጆች ዕዳ

በኅዳር ወር የደብረ ብርሃን ምሽት ምን ያህል እንደሚበርድ አካባቢውን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተመሠረተች በመሆኗ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነፋሱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ በማግሥቱም ማለዳ ውርጩ በሣሩ ላይ ነጥቶ ይታያል። በዚህ ሰዓት ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ደብተራቸውን በልብሳቸው ሥር ሸጉጠው እየሮጡ ወደየቤታቸው ይገባሉ። እናት ልጇን እሳት ዳር አስቀምጣ፣ ቆሎውንም በእጁ አስይዛ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ትለዋለች። አንዱ ልጅ «ምንም» ይላል፤ ሌላው በቃሉ ያጠናውን ያነበንባል። እናት «ጎበዝ!» ትላለች፤ ጥያቄውም በዚያው ያበቃል።

የተወደዳችሁ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው በዚያው ያበቃል የተባለውን ይህንኑ ጥያቄ ነው። በእኛ አስተያየት ጥያቄው መጀመር የሚገባው ልጁ መልሱን ከሰጠ በኋላ ነውና።

ደብተሩ የሚጠይቀን

በቁምስናችን ቅዳሜ ቅዳሜ የትምህርተ ክርስቶስ ክፍለ ጊዜ ካለቀ በኋላ ሕፃናት የትምህርት ቤት ደብተራቸውን ይዘው በመምጣት የከበዳቸውን ይጠይቃሉ። እኛም በዚህ ወር የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ደብተር ስናገላብጥ ሰንብተናል። በሒሳቡ ደብተር አንድ ኪሎ 1,000 ግራም፣ አንድ ሊትርም 1,000 ሚሊ ሊትር መሆኑ ተጽፏል። በአካባቢ ሳይንስ ደብተር ስለ ግልና ስለ አካባቢ ንጽሕና፣ እጅን በሳሙና ስለ መታጠብ፣ አፈር በጎርፍ እንዳይሸረሸር እርከን ስለ መሥራትና ዛፍ ስለ መትከል ተዘርዝሯል። በግብረ ገብ ደብተር ደግሞ ስለ እውነተኛነት፣ ስለ ታማኝነት፣ ታላላቆችን ስለ ማክበርና የተቸገረን ስለ መርዳት በሕፃን እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል።

እነዚህን መስመሮች ስናነብ አንድ ነገር ልብ አልን። በደብተሩ የተጻፈው ሁሉ ለሕፃኑ ዕውቀት ሲሆን ለእኛ ለዐዋቂዎች ግን ዕዳ ነው። አንድ ኪሎ 1,000 ግራም መሆኑን የተማረች ልጅ ነገ ወደ ገበያ ስትላክ የሚዛኑን ድንጋይ አትኩራ መመልከቷ አይቀርም። እጁን በሳሙና እንዲታጠብ የተማረ ልጅ ውሃውና ሳሙናው የት እንዳለ ይጠይቃል። በኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል ያየም ልጅ ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ብዙ ሕዝብ የጨረሰው ወረርሽኝ መታሰቢያ እንደ ሆነ ይነገረዋል፤ ወዲያውም «ታዲያ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የምናጸዳው ለምንድን ነው?» ቢል ምን እንመልስለታለን? ስለ እውነተኛነት የተማረ ልጅ ደግሞ ወደ ገበያም ሆነ ወደ ውሃ መውረጃ መሄድ አያስፈልገውም። የተማረውን የሚያመሳክርበት በቤቱ ውስጥ በእናት በአባቱ አንደበት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ልጆቻችን በክፍል ውስጥ የሚማሩት እነርሱን ብቻ የሚመለከት ነውን? ወይስ ልጁ የተማረውን እንኖርበት ዘንድ እኛንም ያስገድደናል?

ምግባር በመጽሐፍ ይገኛልን?

መልካም ምግባር በትምህርት የሚገኝ መሆን አለመሆኑን ሰዎች ከጠየቁ ብዙ ዘመን ሆኗል። የግሪክ ፈላስፋ ፕላቶን «ሜኖን» የተባለውን ድርሰቱን የሚጀምረው በዚሁ ጥያቄ ነው፤ ምግባር በትምህርት ይገኛልን? ወይስ በልምምድ? ወይስ ከተፈጥሮ? የፕላቶን ደቀ መዝሙር አርስቶትል ደግሞ ሰው ቤት በመሥራት ግንበኛ እንደሚሆን ሁሉ፣ የጽድቅን ሥራ በመሥራት ጻድቅ፣ የጀግንነትን ሥራ በመሥራትም ጀግና እንደሚሆን አስተማረ። በዚህ አነጋገር መሠረት ስለ እውነተኛነት የሚናገረውን ምዕራፍ በቃሉ የያዘ ልጅ ገና እውነተኛ አልሆነም። ስለ ግንብ ሥራ የሰማ ሰው ግንበኛ እንዳልሆነ ማለት ነው። ድንጋዩን አንሥቶ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያም ቦታ ቤቱ ነው።

ሀገራችንም በዚህ ነገር ላይ ብዙ ደክማለች። በቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ሲደግም የምግባር ትምህርት የሚባል የተለየ ክፍለ ጊዜ አልነበረውም፤ ምግባሩን የሚማረው ከየኔታ አነጋገርና አረማመድ፣ በአገልግሎትና በመታዘዝ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግብረ ገብ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ራሱን ችሎ ይሰጥ ነበር። ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ከመንዝ የተገኙት ከበደ ሚካኤል በግጥም ያዘጋጁት «ታሪክና ምሳሌ» ብዙ ትውልድ አንብቦ ምክር የቀሰመበት መጽሐፍ ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግብረ ገብ ቀርቶ የፖለቲካ ትምህርት በቦታው ገባ። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተግባር በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ በስሙ ተመልሶ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እየተሰጠ ይገኛል።

በነዚህ ሁሉ ዓመታት የመጽሐፉ ስም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ሆኖም በማናቸውም ዘመን ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያገኘው ሁለተኛ መምህር ነበረ፤ አለም። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣው ሰነድ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች መሆናቸውን ያሳሰበው ይህንኑ በማሰብ ነው። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ወላጆች መብት ስንናገር ነው፤ ዳሩ ግን የሚያስከትለው ሸክም ከመብቱ ይበልጣል።

የአንድ ምሽት ነገር

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ጥፋት ብንናገር ይሻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እንደዚሁ በኅዳር ወር፣ አንድ ሽማግሌ በአንኮበር በኩል ካለ የገጠር መንደር በእግራቸው መጥተው በራችን ላይ ቆሙ። በወንድማማቾች መካከል የተነሣ የመሬት ክርክር ነበረና በሽምግልና እንድንገባላቸው ሲመላለሱ ይህ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። በዚያ ቀን ከማለዳ ጀምረን ስንደክም ውለን ነበር። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ከወላጆቹ ጋር የሚኖረውን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ጠርተን «ሂድና አባ የሉም በላቸው» አልነው። ልጁም ሄዶ ነገራቸው። ሽማግሌው ጥቂት ቆመው ነጠላቸውን አጣፉና ብርዱ በከበደበት ሰዓት ተመልሰው ሄዱ።

ከራት በኋላ ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣ። የግብረ ገብ መምህሩ የቤት ሥራ ሰጥተውት ነበርና ጥያቄውን አነበበልን፤ ውሸት ምን እንደ ሆነ በምሳሌ አስረዱ የሚል ነበር። ልጁ እርሳሱን ይዞ ቀና ብሎ አየንና፣ ያለ አንዳች ተንኰል፣ «አባ፣ የዛሬውን ልጻፈው?» አለን።

በዘርዓ ክህነት በቆየንባቸው ዓመታት ስለ እውነትና ስለ ሐሰት ብዙ ትምህርት ተከታትለናል፤ በፈተናም መልሰናል። እንደዚያ ያለ ጥያቄ ግን ከመምህራኖቻችን ማንም አልጠየቀንም። በዚያ ሰዓት ሦስት መንገዶች ነበሩን። «ዝም በል፣ የትልቅ ሰው ነገር አይነካህም» ብንለው ኖሮ፣ የግብረ ገብ ትምህርት ለልጆች ብቻ የተሰጠ መሆኑን ይማር ነበር። «እሱ እኮ ውሸት አይደለም፣ ደክሞን ስለ ነበር ነው» ብንለው፣ ውሸት በቂ ምክንያት ሲገኝለት ስሙ እንደሚለወጥ ይማር ነበር። ሦስተኛው መንገድ «አዎን፣ ጻፈው» ማለት ነበር። አንደበታችን እየከበደን «ጻፈው» አልነው። ጻፈውም።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጁን ከወላጆቹ አስፈቅደን ይዘነው ወደ ሽማግሌው መንደር ሄድን። በዚያ ምሽት ቤት እንደ ነበርን፣ ልጁንም እንዲዋሽ ያዘዝነው እኛ እንደ ሆንን ነግረን ይቅርታ ለመንናቸው። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው እንዲህ አሉን፤ «አባታችን፣ ድምፅዎን በመስኮቱ ሰምቼ ነበር እኮ። አንድ ቃል ብመልስ ልጁ መሸማቀቁ ነው ብዬ ዝም ብዬ ሄድሁ።»

እኒህ ሰው ፊደል የቆጠሩ አይደሉም። ነገር ግን እኛ የልጁን አፍ ለራሳችን ምቾት ስንጠቀምበት፣ እርሳቸው የልጁን ልብ ለማዳን ሲሉ ያን ሁሉ መንገድ በብርድ ተመለሱ። በዚያ ምሽት በበሩ ላይ መምህሩ ማን እንደ ነበረ አንባቢ ይፍረድ።

በእንቁላሉ ጊዜ

«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ የለም። ልጁ በሕፃንነቱ ከጎረቤት እንቁላል ሰርቆ መጣ፤ እናቱ ዝም አለችው። አድጎ በግ፣ ከዚያም በሬ ሰረቀ፤ በመጨረሻም ሞት ተፈረደበት። ሊሰናበታት እናቱን አስጠርቶ ሲስማት ነከሳትና ያን ቃል ተናገረ ይባላል። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ የምንተርከው አለንጋ እንዲበረታ ለማሳሰብ ነው። እስኪ ግን ታሪኩን ረጋ ብለን እንመርምረው፤ ለመሆኑ እንቁላሉ የት ደረሰ? ተረቱ አይነግረንም። ነገር ግን በቤቱ ተጠብሶ እንደ ተበላ መገመት አያስቸግርም። እናቲቱ ልጇን ገርፋ እንቁላሉን ብትበላው ኖሮ ልጁ ምን ይማር ነበር? ሲሰርቅ መደበቅን ብቻ ይማር ነበር። ይልቁንስ እጁን ይዛ ወደ ጎረቤቷ ቤት ሄዳ፣ «የእኔ ልጅ የወሰደው ነው» ብላ በፊቱ ብትመልሰው፣ አለንጋ ሳታነሣ እስከ ሽምግልናው የማይረሳውን ትምህርት ባስተማረችው ነበር። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የምሳሌው ፍሬ ነገር እንቁላሉን መመለስ ነው።

ዛሬ በየቤታችን የሚበሉ እንቁላሎች ጥቂት አይደሉም። ልጁ የቤት ሥራውን እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ ታላቅ ወንድሙ ሠርቶለት መምህሩ «በጣም ጥሩ» ብለው ሲያርሙለት፣ ወላጅ ውጤቱን አይቶ ሲደሰት፣ ያ እንቁላል ተበልቷል። ፍሬው ቆይቶ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በስርቆትና በኩረጃ ምክንያት ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ የመምህራንና የመጻሕፍት እጥረት፣ ጦርነትና ድህነትም አሉበት። ሁሉንም በተማሪዎቹ ላይ መጫን ግፍ ይሆናል። ሆኖም ከቀደሙት ዓመታት ውጤት ጋር ስናስተያየው፣ ብዙ ወላጆችና ብዙ ትምህርት ቤቶች እንቁላሉን አብረው ሲበሉ መኖራቸውን መካድ አይቻልም።

ልጅ አባቱን ያርማልን?

እዚህ ላይ ከአንባቢዎቻችን መካከል የሚቃወመን እንደሚኖር እናውቃለን። «ልጅ ያቦካው ለራት አይሆንም» ይላል ያገራችን ሰው፤ ከዐቅሟ በላይ የምትናገረውንም «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብሎ ይዘልፋታል። አባትና እናትን ማክበር የእግዚአብሔር ትእዛዝ ሆኖ ሳለ፣ ልጆች በወላጆቻቸው ላይ ደብተር ይዘው እንዲፈርዱ ማድረግ ቤትን አያፈርስምን? ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአብዮቱ ዘመን ልጆች በወላጆቻቸው ላይ እንዲመሰክሩ ሲገፋፉ በብዙ ቤት የደረሰውን ኀዘን ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም።

መልሱን ከቅዱስ አጎስጢኖስ እንማር። ይህ ታላቅ አባት እ.ኤ.አ. በ389 ዓ.ም. ገደማ «ስለ መምህር» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው ከልጁ ከአዴኦዳቱስ ጋር በሚያደርገው ውይይት መልክ ነው። ኋላም በኑዛዜው መጽሐፍ፣ በውይይቱ ውስጥ በልጁ አፍ የተነገሩት አሳቦች ሁሉ በእውነት የልጁ የራሱ እንደ ነበሩና በዚያን ጊዜ ልጁ 16 ዓመቱ እንደ ነበረ መስክሯል። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። ያ መጽሐፍ የሚያስተምረው ዋና ነገር ቃል ብቻውን ዕውቀትን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው እንደማያሻግር፣ ሰው የሰማውን እውነት መሆኑን የሚያውቀው በውስጡ የሚያበራለትን መምህር ጠይቆ እንደ ሆነ ነው። ያም መምህር ክርስቶስ ነው።

ይህ ከሆነ አባትና ልጅ በአንድ መምህር ፊት በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ተማሪዎች ናቸው። ልጁ አባቱን አያርምም፤ ሁለቱንም የምታርማቸው እውነት ናት። ልጁ በደብተሩ ተሸክሟት ወደ ቤት ስለ ገባ ዳኛ አይሆንም፤ መልእክተኛ ነው እንጂ። አባትም ለእውነት ሲል ጥፋቱን ቢያምን ክብሩ አይቀነስም። አዴኦዳቱስ አባቱን ከማክበር እንዳልተከለከለ፣ አጎስጢኖስም ከልጁ በመማሩ እንዳልተዋረደ እናያለን። የአብዮቱ ዘመን ክፋት ልጆች እውነትን መናገራቸው አልነበረም፤ ክፋቱ ፍቅር በሌለበት፣ ለሥልጣን ጥቅም፣ ልጅን በአባቱ ላይ መሣሪያ ማድረጉ ነበር። ልጅን ለውሸት መሣሪያ ማድረግም የዚያው ኃጢአት ታናሽ ወንድም ነው።

በሩ ሲንኳኳ

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አለ። ዛሬ በአካባቢያችን በሩን የሚያንኳኳው ሁልጊዜ ሽምግልና ፈልጎ የመጣ ሽማግሌ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መሣሪያ የያዘ ሰው በሌሊት «አባትህ የት ነው?» ብሎ ሕፃኑን የሚጠይቅበት ጊዜ መጥቷል። አንዲት እናት በዚህ ነገር መጥተው «አባ፣ ልጄን አላውቅም እንዲል ባስተምረው ኃጢአት ይሆንብኛልን?» ብለው ጠይቀውናል።

ቅዱስ አጎስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ395 ዓ.ም. ገደማ ስለ ሐሰት በጻፈው ድርሰቱ ነፍስን ለማዳን እንኳ መዋሸት እንደማይገባ አጥብቆ አስተምሯል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ሐሰት ሁሉ ኃጢአት መሆኑን ሲያስተምር፣ እውነትን በጥበብ መሰወር ግን የተፈቀደ መሆኑን ጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም እውነትን የማወቅ መብት ለሌለው ሰው ማንም እንዲገልጥ እንደማይገደድ ያስረዳል። ስለዚህ በመዋሸትና በመሰወር መካከል ልዩነት አለ። «ደክሞኛልና የሉም በል» ማለት ከምቾት የተወለደ ሐሰት ነው። ደም ለማፍሰስ ለመጣ ሰው የሚፈልገውን አለመንገር ግን ነፍስን መጠበቅ ነው። በዚያች ሌሊት በፍርሃት ተይዛ ከአፏ ያመለጣትን ቃል ይዘን በዚያች እናት ላይ ድንጋይ የምናነሣ አንሆንም፤ ይልቁንስ እንዲህ ያለውን ሌሊት ስላመጣንባት ሁላችንም ንስሐ እንግባ።

ሆኖም ለእናቲቱ አንድ ምክር ሰጠናቸው። «ልጅዎን የበሩ ጠባቂ አያድርጉት» አልናቸው። የሚቻል ከሆነ ወደ በሩ የሚሄደው ዐዋቂ ይሁን፤ የሚለውንም ይበል፣ ዝም የሚለውንም ዝም ይበል፣ ኃላፊነቱን በራሱ ኅሊና ይሸከም። ለልጁ ደግሞ «ሐሰት መልካም ነው» ብሎ ከማስተማር ይልቅ፣ «ይህ ጊዜ ክፉ ነው፤ እኛ ሳንኖር ለማታውቀው ሰው ስለ ቤታችን ምንም አትናገር» ማለት ይሻላል። ክፉው ጊዜ ሲያልፍ ልጁ ዝምታውን ይተወዋል። ሐሰትን እንደ ሙያ ከተማረ ግን ሰላም ሲመጣም አብሮት ይኖራል።

ደብተር የሌላቸው

ስለ ደብተር ይህን ያህል ስንጽፍ ደብተር የሌላቸውን ልጆች ብንረሳ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ገልጿል። በገጠሩ የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አልነበሩም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከወለጋና ከሌሎችም ስፍራዎች ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን ዙሪያ በመጠለያ ያደጉ ሕፃናትም አሉ። ለእነዚህ ልጆች «በዚህ ወር ምን ተማራችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከእኛ አፍ ሲወጣ ያሳፍራል።

ነገር ግን ልንጠይቅ ይገባናል፤ ትምህርት ቤት ስለ ተዘጋ ልጆቹ መማራቸውን አላቋረጡምና። ጥይት ሲጮኽ ማን ሸሸ፣ ማን ጎረቤቱን አስጠጋ፣ የተፈናቃዩን የእህል ድርሻ ማን ቀነሰበት፣ ማን ከራሱ ቀንሶ ሰጠ፣ ይህን ሁሉ አይተው በልባቸው ጽፈውታል። ያለ መጽሐፍና ያለ ሰሌዳ ግብረ ገብን እየተማሩ ነው፤ የሚያስተምሯቸውም በየሰፈሩ ያለነው እኛ ዐዋቂዎች ነን። በክፍል ውስጥ መምህሩ ቢሳሳት መጽሐፉ ያርመዋል። እኛ ስንሳሳት ግን ደብተር የሌለው ልጅ የሚያመሳክርበት ሌላ ነገር የለውም፤ ያየውን እንደ እውነት ይዞ ያድጋል። ስለዚህ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች ባሉበት ሰፈር የዐዋቂዎች ዕዳ በእጥፍ ይከብዳል።

ምን እናድርግ?

ከሁሉ አስቀድሞ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብለን በጠየቅን ጊዜ መልሱን እስከ መጨረሻው እንስማ፤ ቀጥለንም «ይህን በቤታችን እንዴት እናድርገው?» ብለን ሁለተኛውን ጥያቄ እንጠይቅ። ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም ቢሆኑ ልጁ ደብተሩን እንዲያነብላቸው ማድረግ ይችላሉ፤ ልጁ ይህን ከትልቅ ክብር ይቆጥረዋል።

ዳግመኛም የራሳችንን አሳፋሪ ቃል በልጅ አፍ አናድርግ። አበዳሪ ሲመጣ፣ እንግዳ ሲበዛብን፣ «የለም በል» ከማለት ይልቅ ራሳችን ወጥተን «ዛሬ የለኝም፣ ሳምንት እሰጥሃለሁ» ወይም «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ ይምጡልኝ» እንበል። እንዲህ ማለት ለጊዜው ያሳፍራል፤ ልጁ ግን እውነት እየተናገሩ መኖር እንደሚቻል ያይበታል።

እንቁላሉ ተበልቶ ከተገኘም ዋጋውን በልጁ ፊት እንመልስ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ኑዛዜን ለሕፃናት ስታስተምሩ በዚህ ጀምሩ። ይቅርታ ሲጠይቅ ያየው ዐዋቂ የሌለ ልጅ፣ የንስሐን ምሥጢር በቃሉ ቢያጠናም ጣዕሙን ሊያውቅ አይችልም። ትምህርት ቤት በተዘጋበትም ሥፍራ ያላችሁ መምህራን ከትምህርተ ክርስቶሱ ክፍለ ጊዜ ጋር ጥቂት ፊደልና ጥቂት ሒሳብ ብትጨምሩ፣ ያስተማራችሁትን ፍቅር በሥራ መግለጣችሁ ይሆናል።

በዚያ በኅዳር ምሽት የተጻፈው የቤት ሥራ ታርሞ ሲመለስ ልጁ አምጥቶ አሳየን። ከመልሱ ጎን በቀይ እስክሪብቶ የ«ልክ ነው» ምልክት ተደርጎበታል። እኛም ደብተሩን ተቀብለን ለረጅም ጊዜ ተመለከትነው። ስማችን ባይጻፍም የታረምነው እኛ ነበርን። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ ከብርዱ ሮጠው ሲገቡና እሳት ዳር ሲቀመጡ፣ እናንተም አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው። ሁላችንንም የሚያስተምረን አንዱ መምህር መልሳቸውን የምንሰማበትን ጆሮ፣ የሰማነውንም የምንፈጽምበትን ኀይል ይስጠን።